ሁሉም የሚቀበልበት ዜማ፦ በሐዋሳ ሰፈሮች የጋራ የዜማ ሰዓት እንዴት ይጀመራል?

ጎረቤቶችን ሰብስቦ በሳምንት አንድ ቀን አብሮ ለማዜም ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው መልስ «እኔ እኮ ድምፅ የለኝም» የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው ግን በሠርግ ላይ እያጨበጨበ ተቀብሏል፤ ልጁን እሹሩሩ እያለ አስተኝቷል፤ በልጅነቱም ለቡሄ ከእኩዮቹ ጋር በየደጁ እየዞረ ጨፍሯል። «ድምፅ የለኝም» ሲል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እየሰማኝ ብቻዬን ላዜም አልችልም ማለቱ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጤነኛና ሕመምተኛ፣ ወጣትና አረጋዊ፣ አካል ጉዳት ያለበትና የሌለበት፣ የከተማው ነባርና ትናንት የመጣ ሳይለይ ሁሉም አብሮ የሚያዜምበትን ሰዓት በሰፈሩ ለማቋቋም ለሚፈልግ ሰው ነው። መነሻው አንድ ነው፤ ዝግጅቱ የሚነደፈው ለተቀባዩ እንጂ ለአውጪው አይደለም። በባህላችን አውጪው ግጥሙን እየለዋወጠ ይመራል፣ ተቀባዩ አንዲቱን አዝማች ይመልሳል። ተቀባይ አይፈተንም፤ ልምምድ አይጠየቅም፤ ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ በሁለተኛው ዙር ገብቶ ከሌላው እኩል ይሆናል። መዘምራንን የሚያሠለጥን ሰው አድማጩ የሚሰማውን ማሰብ ግድ ይለዋል፤ እዚህ ግን አድማጭ ስለሌለ ጭንቀቱም የለም።

የጤናው ጉዳይ

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ኪነ ጥበብ በጤና ላይ ስላለው ሚና የተሠሩ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን የዳሰሰ ሲሆን፣ በቡድን ማዜም ከእነዚህ መካከል በርከት ያለ ቦታ ይዟል። በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ አብረው የሚያዜሙ ሰዎች የልብ ምታቸው በአንድነት ፈጠንና ዝግ እንደሚል አሳይተዋል። ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። ሰው ሲያዜም አየር ባጭሩ ስቦ በረጅሙ ያወጣል፤ ትንፋሽ ሲገባ ልብ በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ዝግ ይላል፤ ሁሉም በአንድ ሐረግ መጨረሻ ላይ አብረው ከተነፈሱ ልባቸውም አብሮ ይሄዳል።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከወሊድ በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸውን እናቶች የተመለከተ ነበር። ከሕፃናቶቻቸው ጋር ለ10 ሳምንት በቡድን ካዜሙት መካከል፣ ምልክታቸው መካከለኛ ወይም ከባድ የነበረው እናቶች የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ፈጥነው መሻሻል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት የዜማ ትምህርት የጀመሩ ሰዎችን የእጅ ሥራና የጽሑፍ ትምህርት ከጀመሩት ጋር ለሰባት ወራት አነጻጽሯል፤ በመጨረሻ የሁሉም መቀራረብ እኩል ሆነ፣ የሚያዜሙት ግን ቀድመው ተላመዱ። ይህኛው ጥናት ሐዋሳን ለመሰለች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ ግቢ ተከራይቶ ለሚኖርባት ከተማ የተጻፈ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የዜማ ሰዓት መድኃኒትን አይተካም። ወደ ቡድኑ የሚመጣ ሰው የደም ግፊት ክኒኑን፣ የአስም መንፊያውን ወይም የሐኪም ቀጠሮውን እንዲተው የሚያበረታታ ቃል ከአዘጋጁ አፍ መውጣት የለበትም። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢያውቁት መልካም ነው፤ ቤት ለቤት ስለሚዞሩ ከቤት የማይወጣው ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ስሙና የዜማው ምርጫ

ብዙ ጅማሮ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በሐዋሳ አንድ ሰፈር ውስጥ ፕሮቴስታንት፣ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ካቶሊክ ጎረቤታሞች ናቸው። ጥሪው «ኑ እንዝፈን» ከሆነ፣ ዘፈን የሚለውን ቃል ከዓለማዊነትና ከመጠጥ ቤት ጋር የሚያያይዙ በርካታ አማኞች ገና ሲሰሙት ይቀራሉ። «ኑ እንዘምር» ከተባለ ደግሞ የየትኛው ቤተ እምነት መዝሙር ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ «የጋራ ዜማ» ወይም «የዜማ ሰዓት» የሚለው ስም ይሻላል፤ የሚዜመውም ለስሙ የሚስማማ መሆን ይኖርበታል።

ሁሉም ያለ ሐሳብ ሊቀበለው የሚችል ብዙ ሀብት አለን። እሹሩሩ አለ፤ ሕፃን ለማስተኛት እምነት አይጠየቅም። በደቦ ሲታረስ፣ ሲታጨድ፣ ሲወቃ የሚዜሙ የሥራ ዜማዎች አሉ፤ እነዚህ ከሥራው ምት ጋር አብረው ስለተወለዱ አካልን ለማንቀሳቀስ ይመቻሉ። የልጆች የጨዋታ ዜማዎችም አሉ። ከሁሉ በላይ ግን ምርቃትን አትርሱ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ሰው ሁሉ «አሜን» እያለ የሚመልሰው በራሱ ሙሉ የአውጪና የተቀባይ ሥርዓት ነው፤ ለዚህ ምላሽ እስካሁን «ድምፅ የለኝም» ያለ ሰው አላየሁም። የመጀመሪያውን ቀን በምርቃት መክፈት፣ ከዚያም «አሜን»ን ቀስ በቀስ በዜማ ማርዘም ከማውቃቸው አጀማመሮች ሁሉ ለስላሳው ነው።

የፍቅር ዘፈን ጨርሶ ይከልከል አልልም፤ ነገር ግን ቡድኑ እስኪተዋወቅ ድረስ ቢያንስ ለአንድ ወር ቢቆይ ይመረጣል። ቀረርቶና ፉከራ፣ አንዱን ሕዝብ የሚነካ ወይም የሚወጋ ግጥም፣ እንዲሁም አካል ጉዳትን መዘባበቻ የሚያደርግ ስንኝ ግን ምንም ያህል ዜማው ቢያምር አይገባም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በልጅነታችን ሳናስብ ያዜምናቸው ስለሆኑ አዘጋጁ ግጥሙን አስቀድሞ በጥሞና ማንበብ አለበት።

ስለ ቋንቋም እንዲሁ። ከተማይቱ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ በገበያዋም ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሌሎችም ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶችን አምጥቷል፤ ቤተሰብ ርቋቸው በየኪራይ ቤቱ ተደራርበው የሚኖሩት እነዚህ ልጆች የየቀበሌያቸውን ዜማ ይዘው መጥተዋል፣ የሚጠይቃቸው ግን የለም። በየሳምንቱ ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ አዝማች ይኑር፤ አዝማቹን የሚያስተምረው የቋንቋው ተናጋሪ ይሁን፤ ከመዜሙ በፊትም ትርጉሙ ለሁሉም ይነገር። ሰው ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል ተቀበል ማለት አክብሮት ይጎድለዋል።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ዕድሜ፣ ፆታና ማኅበራዊ ደረጃ ሳይለይ ሁሉም የሚሳተፍበት መሆኑ ተጠቅሶለታል። በመጀመሪያው ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜም ይቀርብላቸዋል። ለዜማ ሰዓት ከዚህ የሚቀዳው መንፈሱ ነው። ቄጣላን የመሰለ የራሱ ወግና ባለቤት ያለውን ጭፈራ ግን አገር ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ ለሳምንታዊ ማሟሟቂያ መጠቀም ድፍረት ይሆናል።

ቦታው፣ ሰዓቱና ወንበሩ

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ሐይቁ ዳር ነው፤ እኔም አስቤው ነበር። ቦታው ውብ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ለስላሳ ድምፅን ይወስደዋል፣ ሲመሽ ትንኝ ይወጣል፣ ወባም አለ፤ ጉማሬም ቢሆን ሣር ለመጋጥ ከውኃ የሚወጣው ሲጨልም ነው። ስለዚህ ሐይቁ ለዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆይ፤ ለየሳምንቱ ግን የቀበሌ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም ሰፊ በረንዳ ያለው የግለሰብ ግቢ ይሻላል።

ቦታውን ስትመርጡ እስከ በሩ ድረስ ባጃጅ መግባት መቻሉን፣ ደረጃ ካለው በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው በምን እንደሚወጣ፣ መጸዳጃ ቤቱም ለአረጋዊ ቅርብና ንጹሕ መሆኑን እዩ። ወጣ ገባ ኮብልስቶን ለእግረኛ ምንም አይመስልም፤ ለክራንች ግን ፈተና ነው። ወንበር መግዛት አያስፈልግም። የሰፈሩ እድር አግዳሚና ድንኳን አለው፤ ለቅሶ በሌለበት ቀን ተጠይቆ የከለከለ እድር አላጋጠመኝም። ለወገቡ ድጋፍ የሚፈልግ ሰው ስለሚኖር ጥቂት መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች ከየቤቱ ይምጡ።

አየር የሚዘዋወርበት ቦታ መሆኑ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በስካጊት አካባቢ 61 ሰዎች በዝግ አዳራሽ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የኅብረት ዜማ ሲለማመዱ ቆይተው 53ቱ በኮቪድ ሳይያዙ እንዳልቀሩ ተመዝግቧል፤ ከእነርሱም ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ማዜም ከመናገር ይበልጥ ረቂቅ ጠብታ ያወጣልና፣ የሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ይህ ነገር በኮቪድ ብቻ አያበቃም። መስኮት ይከፈት፤ የሚያስለው ሰው ደግሞ ለዚያ ሳምንት እቤት መቆየቱ እንደ ነውር አይታይ።

ስለ ሰዓቱ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ለብዙዎች ይመቻል፤ ከአስር ሶላት በኋላና ከመግሪብ በፊት ይውላል፣ ሳይጨልምም ያልቃል። በፈረቃ ለሚሠሩት ግን ከእሑድ ከሰዓት በኋላ ሌላ አማራጭ ብዙም የለም። በረመዳንና በረጅም ጾም ወቅት የትንፋሽ ልምምዱ ይቅለል።

የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች

ሰው ሲገባ አዘጋጁ በር ላይ ቆሞ ይቀበል፤ እማማን በእማማነታቸው፣ ጋሼንም በጋሼነታቸው ይጥራ። ስምና ሕመም የሚሞላበት ቅጽ በር ላይ አይዘርጋ። አቀማመጡ አንድ ረድፍ ክብ ይሁን፤ ሁለተኛ ረድፍ ካለ ዓይን አፋሮቹ ሁሉ ከኋላ ይሰበሰባሉ።

ከዚያ አካል ይሟሟቃል፤ ቆሞ መሆኑ ግዴታ አይደለም። ትከሻን ወደ ላይ ስቦ መልቀቅ፣ አንገትን በዝግታ ወደ ጎን ማዘንበል፣ እንደ ማዛጋት አፍን መክፈት ይበቃል። እስክስታ የሚያውቁ እናቶች ትከሻቸውን ማሟሟቅ ማንም ሊያስተምራቸው አይገባም፤ እነርሱ ያስተምሩ። ቀጥሎ እጅን ከእምብርት በላይ አሳርፎ እስከ አራት እየቆጠሩ መሳብ፣ እስከ ስምንት እየቆጠሩ «ስስስ» እያሉ ማውጣት ነው። ቁጥሩ ላይ ያልደረሰ ሰው መሃል ላይ ደግሞ ይተንፍስ። ትንፋሽን አፍኖ መያዝና ማማጥ አይፈቀድ፤ በተለይ የደም ግፊት ላለባቸውና ለነፍሰ ጡሮች። ያዞረው ሰው ወዲያው ያቁም።

የድምፁ ማሟሟቂያ ከንፈር ገጥሞ «እምምም» ማለት ነው። ማንም የማንን ድምፅ ለይቶ ስለማይሰማ ዓይን አፋሩ የመጀመሪያ ድምፁን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉበት።

አዝማቹን ማስያዝ

አውጪው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ለራሱ ጉሮሮ በሚመቸው ከፍታ መጀመር ነው። ድምፀ መልካም ሰው ከፍ አድርጎ ሲያነሣ ተቀባዩ ይታነቃል፤ ጥፋቱንም የራሱ አድርጎ ዝም ይላል። መፍትሔው ከላይ ወደ ታች መሥራት ነው። በአዝማቹ ውስጥ ከፍተኛዋን ድምፅ ፈልጉ፤ ያችን ብቻ ለቡድኑ አሰሙና በ«እምምም» እንዲይዙ አድርጉ፤ በዕድሜ የገፉት እናትና ድምፁ በመጎርነን ላይ ያለው ጎረምሳ ሳይጨነቁ ከያዟት ዜማው ከዚያ ተነሥቶ ይወርዳል፤ ካልቻሉ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙ። የሴት ድምፅ ከዕድሜ ጋር እንደሚወርድ አስታውሱ። የአዝማቹም ስፋት ከአምስት ወይም ከስድስት ድምፅ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ቃሉ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ይሁን። አውጪው መጀመሪያ ያለ ዜማ በምት ይናገረው፣ ሰው ይድገመው፤ ከዚያ በዜማ ይበለው፣ ሰው ይቀበለው። ወረቀት አታድሉ። ወረቀት የያዘ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ፊደል ያልቆጠረውና ማየት የተሳነውም ከጎረቤቱ ያንሳል። በጆሮ ሲሆን ሁሉም ከአንድ ቦታ ይነሣል።

ክራር የሚጫወት ሰው ከተገኘ ቅኝቱ ላይ ተነጋገሩ። ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ለጀማሪ ቡድን የሚቀለው ሙዚቀኞች ትዝታ ሜጀር የሚሉት ነው፤ በአምስቱ ድምፆቹ መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለ አንዱ ስቶ ሌላ ድምፅ ቢይዝ እንኳ ከጎረቤቱ ጋር ብዙ አይጋጭም። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ጥብቅ ጆሮ ይሻሉ። ትዝታ ሰውን ሆድ ያስብሰዋል የሚል ስጋት ካለ፣ ምቱን ፈጠን ማድረግ ብዙውን ይለውጠዋል። ከበሮ አንድ ይበቃል፤ ሁለት ከሆኑ ሰው ድምፁን ትቶ መጨፈር ይጀምራል፤ ያም መጥፎ አይደለም፣ ሰዓቱን ግን ይበላል።

ማይክሮፎንን በሚመለከት የራሴን ስሕተት ልናገር። በመጀመሪያ ሰሞን ድምፅ ማጉያ ተከራይተን አውጪው በማይክሮፎን ሲጀምር፣ ሠላሳ የሚሆን ሰው በአንድ ጊዜ አድማጭ ሆኖ ቁጭ አለ፤ እስከ መጨረሻውም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ማጉያ የሚመጣው ጆሯቸው የደከመ ሰዎች መመሪያ እንዲሰሙ ብቻ ነው፤ ዜማ ሲጀመር ይጠፋል።

ለየሰዉ የሚደረግ ማስተካከያ

ማንም ዝም ብሎ የመቀመጥ መብት አለው፤ ይህ በግልጽ ይነገር። ሦስት ሳምንት ዝም ብለው ተቀምጠው በአራተኛው የሚቀበሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

መስማት ለተሳነው ሰው በክቡ ውስጥ አውጪው ፊት ለፊት ቦታ ይሰጠው፤ በምልክት ቋንቋ የሚያስተላልፍ ሰው ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘም አዝማቹ በእጅ ምልክት ይታጀብ፤ የከበሮውን ቆዳ በመዳፉ እንዲነካ ከተደረገ ምቱን ያገኘዋል። አንድ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ሲጨበጨብ ጭኑን ይምታ ወይም እግሩን ይርገጥ፤ አውጪው ራሱ አንዳንዴ እንደዚያ ካደረገ ልዩነቱ አይታይም።

ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ጉዳይ ተለይቶ ሊነገር ይገባዋል። የግራው የአንጎል ክፍል ተጎድቶ ንግግር የጠፋበት ሰው የሚያውቀውን ዜማ ከነቃሉ ማዜም የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ሐኪሞች ይህን ተከትለው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዜማ ንግግርን የማለማመድ ዘዴ ቀርጸዋል። የእናንተ ሥራ ማከም አይደለም፤ ሰውየው በወጣትነቱ የሚያውቀውን ዜማ ከቤተሰቡ ጠይቆ ማወቅና በዝግታ ማንሣት ነው። የመርሳት በሽታ ላለባቸውም የድሮው ዜማ ከአዲሱ ይሻላል፤ አስታማሚያቸውም አብሮ ተቀምጦ ይቀበል፣ ለእርሱም ዕረፍት ነውና።

አስምና ሌላ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው መንፊያውን በእጁ ይያዝ፤ ሐረጉን ከሌላው ቀድሞ ይቁረጥ። ዕጣን የሚጨስበት የቡና ሥነ ሥርዓት ከዜማው ጋር ለማዋሐድ የሚያምር ሐሳብ ቢሆንም፣ ጭሱ ለእነዚህ ሰዎች ስለማይሆን ቡናው ከዜማው በኋላ ደጅ ይፈላ።

ከወር በኋላ የሚመጡ ችግሮች

አንድ ባለ ጥሩ ድምፅ ሰው ቡድኑን መዋጥ ይጀምራል። አትገሥጹት፤ አውጪነቱን ለአንድ ዜማ ብቻ ስጡትና ለቀጣዩ ከበሮ አስይዙት። የሚያለቅስ ሰውም ይኖራል። ዜማው አይቋረጥ፤ ከጎኑ ያለው ሰው እጁን ይያዘው፤ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ያነጋግረው። ሐዘኑ ከሳምንት ሳምንት የሚከብድ ወይም ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ አብሮት የሚሄድ ሰው ይፈለግ።

ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ከሁሉ የከፋው ችግር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንዲት እናት አፋቸውን ከፍተው ሲያዜሙ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ሰፈር ቢስቅባቸው ተመልሰው አይመጡም፤ ስለዚህ ሁሉም ካልፈቀደ አይቀረጽም የሚለው ደንብ በየጊዜው ይነገር። አንድ ድርጅት ቲሸርት አልብሶን በዝግጅቱ ላይ እንድናቀርብለት በጠየቀን ጊዜ እሺ ብለን ነበር፤ መድረክ ላይ የሚወጡት ሲመረጡ ያልተመረጡት ቀሩ፣ ቡድኑ ወደ ቀድሞ ቁጥሩ ለመመለስ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ግብዣ ሲመጣ «እናንተ ኑና ተቀበሉ» የሚለው መልስ ይበቃል።

ሦስተኛው ወር ላይ አውጪነቱ መዞር አለበት። ከተቀባዮቹ መካከል አንዱ በየሳምንቱ አንዲት ዜማ ያውጣ፤ አጭር ትሁን፣ ቢረሳት ሰው ያስታውሰዋል። አዘጋጁ በዚያ ሰዓት ከክቡ ውስጥ ገብቶ ይቀበላል፤ ወይም ሻይ ያፈላል።